ሽንት ቤት የተረሳ ሽጉጥ

ቨርና ሶፍት ልትስብ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ ቆዳ ነካ። ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ በተመታው የሶፍት ሳጥን አናት ላይ፣ ሰው መነጽሩን ወይም ቁልፉን አስቀምጦ በሚረሳበት ቦታ፣ ሽጉጥ ከነአፎቱ ተቀምጧል።

አልጮኸችም። ኬንታኪ ገጠር ተወልዳ ያደገች ሴት ሽጉጥ አይታ አትጮኽም፤ የራሷም ቢሆን ውጭ በቆመው ፒክአፕ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ተቆልፎበት ነው የዋለው። ያስደነገጣት አፎቱ ነው። ቡናማ የላም ቆዳ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሰም በተቀባ ወፍራም ክር በድርብ የተሰፋ ሲሆን የታችኛው ጥግ ላይ ስፌቱ ትንሽ ጠመም ይላል። እዚያ ጋ የጠመመው መርፌዋ ስለተሰበረባት ነው። ቆዳውን ቆርጦ ቅርጽ ያስያዘው ባሏ ሮይስ ነበር፣ የሰፋችው ደግሞ እሷ። የዛሬ ሦስት ዓመት በገና ዕለት ለዶይል ሃስኪንስ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሰጥተውታል።

«ዶይል» አለች ቀስ ብላ። ስሙን በአፏ ከጠራችው ቆይታለች።

ከዚያ ሳቅ መጣባት። አፏን በክንዷ አፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ያሳቃት ሽጉጡ ብቻ አይደለም፤ በሩም ነው። በሩ ላይ፣ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ልክ ፊት ለፊት፣ በቀይ መስመር የተሰረዘ የሽጉጥ ሥዕል ተለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር «ፈቃድ ያለውም ሆነ የሌለው ሠራተኛ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ ይዞ ከተገኘ ከሥራ ይሰናበታል። መሣሪያ ያየ ሰው ወዲያውኑ ለደኅንነት ኃላፊው ያሳውቅ» የሚል ጽሑፍ አለ። የደኅንነት ኃላፊው ስምም ከነፊርማው አለ፤ ዶይል ሃስኪንስ። ፋብሪካውን በር በበር ዞሮ የለጠፈው እሱ ራሱ ነው፣ ሽንት ቤት ሳይቀረው።

ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ሁሉ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ሱሪ ሲወርድ ቀበቶው ላይ ያለው ብረት አብሮ ይንጋለላል፤ ወለል ላይ እንዳይወድቅ አውልቀህ አጠገብህ ታኖረዋለህ፤ ሐሳብ የያዘህ ቀን እጅህን ታጥበህ ባዶህን ትወጣለህ። ዶይልም የሠራተኛውን ትልቅ ሽንት ቤት ትቶ የጭነት በሩ አጠገብ ያለውን ይህን ባለ አንድ ክፍል የመረጠው፣ ከውስጥ ስለሚቆለፍና ማንም በክፍተት ስለማያየው ነው። ቨርና እዚህ የመጣችው ደግሞ የሴቶቹ ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ ስለተበላሸ ነው። የሴቶቹ ቧንቧ ደህና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ልብሷን አስተካክላ እጇን ታጠበችና ስልኳን አወጣች። ሽጉጡን አልነካችም። ጥግ ይዛ ቆመች፤ አፎቱና በሩ ላይ ያለው የዶይል ስም አንድ ላይ እስኪገቡላት ወደ ኋላ አለችና ፎቶ አነሳች። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፣ ጠማማዋ ስፌት እንኳ ትታያለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቨርና ከጥር ወዲህ አንድ ቀንም አልረሳችም።

ሮይስ እሷ በምትሠራበት በዚሁ የበርና መስኮት ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ቀለም የሚደርቅበትን ትልቅ ምድጃ ጠባዩን አጥርቶ የሚያውቀው እሱ ነው። በጥር ወር፣ በዕረፍቱ ቀን፣ ከአደን ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ዶይል ደወለለት፤ ምድጃው ጋዝ እያፈሰሰ ነው፣ ቶሎ ድረስ አለው። ሮይስ እንደቆመ ወደ መኪናው ሮጠ። የዘወትር ልማዱ ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ መኪናው ውስጥ መቆለፍ ነበር። የግዛቱ ሕግ መኪና ውስጥ የተቆለፈን መሣሪያ ቀጣሪ ሊከለክል አይችልም ይላል፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ከሚቆሙት መኪናዎች ያለ ሽጉጥ የሚመጣ ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን ሐሳቡ ጋዙ ላይ ነበር። ለዓመታት ወገብ ላይ የከረመ ብረት እንደ ጋብቻ ቀለበት ነው፣ መኖሩም አይታወቅም። ምድጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ቧንቧ ሲያጠብቅ ሸሚዙ ተገለበ፣ ዶይልም አየ።

«ሮይስ፣ ውጣና መኪናህ ውስጥ አስቀምጠህ ተመለስ» ማለት ይችል ነበር። ጢም ሳያበቅሉ ጀምሮ አብረው ያደኑ፣ ፈቃዱንም በአንድ ቀን ተምረው በአንድ ቀን ያወጡ ሰዎች ናቸው። አላለም። ምድጃው እስኪጠገን ዝም ብሎ ጠበቀ፣ እጁን ጨብጦ አመሰገነው፣ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት አስገባበት። ከኦሃዮ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንድ መቀጣጫ ፈልጎ ነበር፤ የደኅንነት ኃላፊው ወንበርም ባዶ ነበር። ሮይስ የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ በሁለት ጥበቃ ታጅቦ፣ በማምረቻው መሃል ለመሃል ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ዶይል ኃላፊ ሆነ።

ሮይስ አሁን የእርሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የውሻ ምግብ ከረጢት ይደረድራል። ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ሹልክ ይላል። ቨርናም አጠገቡ ተቀምጣ ትጸልያለች፤ ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት የዶይል ማጅራት ነው። ስንት ነገር አስባበታለች። ጎማውን ልትበሳ አስባለች፣ የአደን ጎጆውን ልታቃጥል አስባለች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዓሣ ግብዣ ላይ የፈላ ዘይት ይዛ ስታልፍ እግሯ ቢደናቀፍስ ብላም አስባለች። ይኸው ዛሬ ሳትደክም፣ ጣቷን ሳታነሳ፣ ሶፍት ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

በሩ ተንኳኳ። እጀታው ወርዶ ተመለሰ።

«ሰው አለ» አለች።

ከውጭ ያለው ሰው ድምፁን ለየው። «ቨርና? አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

«ዶይል ነኝ። ትቆያለሽ?»

«ሴት ሽንት ቤት ስትገባ ሰዓት ታስመዘግባለች? የናንተው ማዶ አለልህ። የተበላሸው የሴቶቹ ነው።»

«አይ፣ እዚህ ነው የፈለግሁት።»

«የዚህኛው በምን ይለያል? ሶፍቱ ይለሰልሳል?»

ቨርና ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠጋች። ትንፋሹ ይሰማታል፤ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው። ማምረቻው ጋ ደርሶ ወገቡን ሲዳስስ ባዶ እንዳገኘው ገባት፤ ያቺን ቅጽበት ባየኋት ብላ ተመኘች።

«ዕቃ ረስቼ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምን ዕቃ?»

«ዕቃ ነዋ። ትንሽ ዕቃ።»

«ንገረኝና ልፈልግልህ። መነጽር ነው?»

«አይደለም።»

«ጥርስ ነው? ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ቨርና፣ በእናትሽ ሞት።»

«እናቴን ተዋት። ስትሞት ምግብ ሠርታ ይዛልኝ የመጣችው ሚስትህ ግሌንዳ ናት፣ አንተ አይደለህም።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማት ዘመን የለውም፤ እንዲያልቅባት አልፈለገችም። ዶይል አፉን በሩ ላይ ለጥፎ ማንሾካሾክ ጀመረ።

«አይተሽዋል፣ አይደል?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ እኮ።»

«በስሙ ጥራው። አንተ አይደለህ እንዴ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰብስበህ፣ ያያችሁትን በስሙ ጥሩ፣ አትሸፋፍኑ የምትለን?»

«ሽጉጤን።»

«የመጋዙ ድምፅ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁህም።»

«ሽጉጤን ረስቼ ነው የወጣሁት» አለ ዶይል፤ ድምፁ እንደሚያለቅስ ልጅ ቀጠነ። «አሁን ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ኃላፊ የሆነ ሰው ይታጠቅ የሚል አዲስ ሕግ ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ያዝከው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«ወሬውን ትሰሚው የለም? ከሥራ የተባረረ ሰው ተመልሶ ይመጣና...» አልጨረሰውም።

«የትኛው የተባረረ?» አለች ቨርና። «ሮይስን ነው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም። ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ከጥር ጀምሮ በዚያ በር ሰው በገባ ቁጥር ልቤ ይመታል። የማልዋሽሽ ነገር እሱ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ቨርና ትቀልድ ነበር። አሁን ደሟ ፈላ። ሮይስን! እርግብ ጎጆ ሠርታበታለች ብሎ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግን በጋውን ያሳለፈው ሮይስ። ተዋርዶ በተባረረ በሳምንቱ «ጋዝ ከሸተታችሁ መጀመሪያ ሦስተኛውን ቧንቧ እዩ በያቸው፣ ሰው እንዳይሞት» ብሎ በእሷ በኩል መልእክት የላከላቸው ሮይስ። ሥራውን መቀማቱ አንሶ በልቡም ነፍሰ ገዳይ አድርጎታል። ከዚያም ወር ከወር ቁርስ እየበላ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ነፍሰ ገዳዩን ሲጠብቅ ከርሟል።

«ሮይስን ፈርተህ፣ ሮይስ በሠራልህ አፎት ታጠቅህ» አለች።

«ሌላ አፎት የለኝም» አለ ዶይል። የሚያስቅ መልስ ነበር፤ አላሳቃትም። «ቨርና፣ ስሚኝ። ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ክተችውና መኪናዬ ድረስ አምጪልኝ። ቁልፉን በበሩ ሥር አሳልፍልሻለሁ። ማንም አያይሽም።»

«ሮይስንም ያየው አልነበረም፤ ካንተ በቀር።»

«እንግዲያው ክፈቺልኝና እኔ ልውሰደው።»

«ብከፍትልህ ምን ታደርግልኛለህ?»

«የፈለግሽውን። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግሬ ሮይስ እንዲመለስ...»

«ዋሸህ።»

«እሺ፣ ዋሸሁ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«በማምረቻው መሃል ስትወጣ ማየት። የቡና ኩባያህን በካርቶን ይዘህ፣ ሁለት ጥበቃ ከኋላህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዶይል ግንባሩን በሩ ላይ ሳያስደግፍ አልቀረም፤ እንጨቱ ጠቅ አለ። «ግሌንዳ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት» አለ። «ኢንሹራንሱ በእኔ ሥራ ነው። እኔ ከወጣሁ እሷ ምን ይውጣታል?»

«ሮይስም ሚስት አለችው። ይኸው እዚህ ተቀምጣልሃለች።»

«ካልከፈትሽልኝ እኮ...»

«ካልከፈትኩልህ ምን? ለደኅንነት ኃላፊው ትነግራለህ?» አለችው። «አሁን ከዚህ ሂድ። ደጃፉ ላይ ቆመህ ሰው አትሰብስብብኝ። ስጨርስ ታየኛለህ።»

ኮቴው ራቅ አለ። ብዙ አልራቀም። ቨርና የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግታ ተቀመጠችበትና ለሮይስ ደወለች።

«ምን ሆንሽ? በሥራ ሰዓት» አለ ሮይስ።

«ሽንት ቤት ነኝ።»

«እና እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ነገረችው። ከሽጉጡ እስከ ማስታወቂያው፣ ከሶፍቱ እስከ ጥርሱ ቀልድ፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው። የሮይስን ሳቅ ጠብቃ ነበር። የሰማችው የሱቁን ራዲዮና የሚጎተት ጋሪ ድምፅ ብቻ ነው።

«ነክተሽዋል?» አለ።

«አልነካሁትም።»

«እንዳትነኪው። ዶይል አቀባብሎ ነው የሚይዘው።»

«ሮይስ፣ የምልህ ገብቶሃል? እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ። በሰፈረው ቁና ሊሰፈር ነው። አንዲት ስልክ ለቢሮ ብደውል አበቃለት።»

«ስጪው» አለ ሮይስ።

«ምን አልክ?»

«ሽጉጡን ይውሰድ። ተይው በቃ።»

«ይቅር ብለኸው ነው?»

«ኧረ ወዲያ። ጠዋት ጠዋት አራቱም ጎማው አንድ ላይ እንዲተነፍስ እጸልያለሁ።» ጋሪውን አቆመ። «ግን እኔ በዚያ መሃል ወጥቻለሁ፣ ቨርና። ሰው ሁሉ ጫማውን ነው የሚያየው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢያየኝ ብዬ እስከ በሩ ድረስ ለመንኩ። ያንን ለማንም አልመኝም። ግሌንዳስ ምን በደለችን?»

መናገር አልነበረባትም፤ ይህን አፏን ስትከፍት ታውቀዋለች።

«አንተን ፈርቶ ነው አሉ የታጠቀው። ሮይስ ተመልሶ መጥቶ ይተኩስብኛል ብሎ።»

ከማዶ አንድ ደንበኛ የዶሮ መኖ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ። ሮይስ መለሰለት፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በግራ በኩል አለው። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«እንደዚያ አለሽ? በአፉ?»

«በአፉ።»

«ልጁን ዋና ያስተማርኩለት እኔ ነኝ» አለ ሮይስ። «ቢሆንም ስጪው። እባክሽ።»

ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም። ሰው ሲመቱት ይህን ያህል አይከፋም። በጥር ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤት ሲገባ እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አላወጣም ነበር። ቨርና ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በመስታወቱ አየች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። ልስጠው ወይስ ላስይዘው ብላ ራሷን ጠየቀች። ሮይስን እምቢ ብላው አታውቅም፣ ዶይልን ደግሞ መልቀቅ አልቻለችም። ግሌንዳ በሆስፒታል ወንበር ላይ፣ በቱቦዎቹ መሃል ሹራብ ስትሠራ ታየቻት። ወዲያው ደግሞ ሮይስ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው እየፈለገ የወጣበት መንገድ ታያት። ሁለቱንም ማባረር አልቻለችም።

መቆለፊያውን ከፍታ ወጣች።

ዶይል የመስታወት ሳጥኖቹ አጠገብ ቆሞ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ያነባል። በዚያው ቅጽበት ሪኔ፣ አብራት መስታወት የምትገጥመው ሪኔ፣ ጓንቷን እያወለቀች እየሮጠች መጣች።

«ምነው ሴትዮ፣ እዚያ ገብተሽ መስኮት ስትሠሪ ነበር? ልፈነዳ ነው፣ ዞር በይ።»

ሪኔ ያየችውን ነገር እስከ እራት ሰዓት አውራጃው በሙሉ ይሰማዋል። ቨርና ዞር ብትል በቃ፤ ስልክም አይደወል፣ ስሟም አይነሳ፣ ሮይስም አይወቅሳት። እግሯን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማድረግ ብቻ ነው። ዶይልም ገብቶታል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ የሚያየው ግን ሪኔን አይደለም፣ ቨርናን ነው። ከጥር ወዲህ ቀጥ ብሎ ዓይኗን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቨርና ያን ዓይን አየችው። ሰው እንዲህ ሊፈራት እንደሚችል አታውቅም ነበር። ዞር ብትል ይህ ዓይን ዛሬውኑ በበሩ ይወጣና ያልቃል።

«ቆይ ሪኔ» አለች። «ዶይል ቀድሞሽ ተራ ይዟል። ሆዱን አሞታል መሰለኝ።»

«ውይ በሞትኩት። ግባ፣ ግባ» አለች ሪኔ። «እንደ ወረቀት ነጥተሃል እኮ።»

ዶይል እየተደነቃቀፈ ገባ። ሲወጣ ሸሚዙ ከሱሪው ውጭ ተለቋል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ሪኔ ገብታ በሩን ዘጋች። ቨርናና ዶይል ሳጥኖቹ መሃል ብቻቸውን ቀሩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ዶይል። «ውለታሽን...»

«የምን ውለታ?»

«አልተናገርሽብኝም።»

«ዛሬ አልተናገርኩም» አለችና ስልኳን አወጥታ ፎቶውን አሳየችው። አፎቱ፣ ስፌቱ፣ ስሙ፣ ፊርማው። እስኪበቃው ድረስ እንዲያየው ያዘችለት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«እኔ እንጃ። ነገ ጠይቀኝ።»

«ነገስ?»

«ነገም ካልገባኝ ከነገ ወዲያ ትጠይቀኛለህ።»

«ቨርና፣ ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል?»

«ሮይስ እየኖረ ነው» አለችው። «ደግሞ በዚያ በር ሰው ሲገባ አትደንግጥ። ሮይስ አይመጣብህም፤ ጭራሽ እንዲተውህ እየለመነልህ ነው። የፈራኸው ሌላ ሰው ነበር፣ መፍራት የነበረብህ ሌላ።»

ዶይል ሸሚዙን ወደ ታች እየጎተተ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ከጀርባው ሲታይ ትልቅ ሰው መሆኑ ታወቀ፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ቨርና አዘነችለት ብል እዋሻለሁ። ሄዳ መስታወቷን ገጠመች፤ እስከ ምሳ ድረስ አንድም አልሰበረችም።

የምሳ ደወል ሲደወል ስልኳ ጮኸ።

«ሰጠሽው?» አለ ሮይስ።

«ሽጉጡን ወስዷል።»

«ቢሮ አልደወልሽም?»

«አልደወልኩም።»

ሮይስ ትንፋሹን ለቀቀ። «ጎሽ የኔ እመቤት። በቃ፣ እንግዲህ ይኼ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። ማታ ባቄላ እቀቅላለሁ፣ የበቆሎ ዳቦውን አንቺ ትጋግሪያለሽ።»

«እሺ» አለች። ይብቃ ለሚለው ግን መልስ አልሰጠችም፤ እሱም አላስተዋለም።

ከጥር ጀምሮ ምሳዋን የምትበላው ፒክአፑ ውስጥ ብቻዋን ነበር። ሮይስ ሲወጣ ጫማቸውን ካዩት ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አስጠልቷት ነው። ዛሬም ምሳዋን ይዛ እስከ መውጫው በር ሄደች። እዚያ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወደ መመገቢያው ክፍል ገባች።

ዶይል መስኮቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ብቻውን ተቀምጧል። ከኃላፊ ጋር የሚበላ ሰው የለም። ከፊቱ ሾርባ አለ፣ ማንኪያው ደርቋል። ቨርና በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፋ መጥታ ከፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር ሳበች። ሰዎች ንግግራቸውን አቋርጠው አዩዋት፤ ታርቀዋል ማለት ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ሳንድዊቿን ከወረቀቱ ፈታች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ በሾርባውና በሳንድዊቿ መሃል አስቀመጠች።

«እዚህ ልትበይ ነው?» አለ ዶይል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለችና ጨዉን እንዲያቀብላት እጇን ዘረጋች።